«ፍሬን በጠሰ» ማለት ብቻ አይበቃም

በመኪና አደጋ ዜናዎች ውስጥ ዘወትር የምናነባት አንዲት አጭር ሐረግ አለች። «ተሽከርካሪው ፍሬን በጥሶ» ትላለች። ቀጥሎ የሞቱትና የቆሰሉት ሰዎች ቁጥር ይነገራል፤ ዜናውም በዚያው ይዘጋል። አንባቢም ከንፈሩን መጥጦ ወደሚቀጥለው ዐምድ ያልፋል። ተጠያቂው ብረት ሆኗልና፣ ብረትም ምስክርነት ስለማይሰጥ፣ ነገሩ በዚሁ ያበቃ ይመስላል።

ይሁን እንጂ ፍሬን እንደ ደነበረ ፈረስ ልጓሙን በጥሶ የሚሸሽ ፍጡር አይደለም። ፍሬን በሰው እጅ የተሠራ፣ በሰው የተሸጠ፣ በሰው የተገጠመና በሰው ተመርምሮ «ደኅና ነው» የተባለ መሣሪያ ነው። ስለዚህ ፍሬን በጠሰ በተባለ ቁጥር «ከመጀመሪያውስ ፍሬን ነበረ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ይህ ጥያቄ በተለይ ዕድሜ ለተጫናቸውና ዛሬም በአገልግሎት ላይ ላሉት አሮጌ መኪኖቻችን እጅግ አንገብጋቢ መሆኑን በቅርብ ለመረዳት የቻልነው በሐርጌሳ ከተማ በገጠመን ነገር ነው።

ሐርጌሳ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች የሶማሌላንድ ዋና ከተማ ናት። በስተሰሜን ምሥራቅ የሚወርደው መንገድ ወደ በርበራ ወደብ ይደርሳል፤ በስተምዕራብ የሚሄደው ደግሞ በቶጎ ውጫሌ በኩል ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ጅጅጋ፣ ከዚያም ወደ ሐረርና ወደ ድሬዳዋ ያመራል። በመርከብ የመጣ ዕቃ በዚህ መስመር ወደ መሐል አገር እንደሚገባ የማያውቅ ነጋዴ የለም። የከተማይቱ መኪኖች አብዛኞቹ በጃፓን አገር አገልግለው የመጡ በመሆናቸው መሪያቸው በስተቀኝ ነው፤ የሚነዱትም በመንገዱ ቀኝ በኩል ነው። ሾፌሩ ከፊቱ ያለውን መኪና ለመቅደም ሲፈልግ የሚመጣውን በደንብ ለማየት ይቸገራል። እንግዲህ እንዲህ ባለው መንገድ ላይ ከሁሉ በፊት የሚታመነው የቱ ነው ቢባል መልሱ ፍሬን ነው።

እኛም ለሥራ ጉዳይ በዚያ በነበርንበት ጊዜ የምንጠቀምበት መኪና አንድ አሮጌ ቶዮታ ላንድክሩዘር ነበር። ይህ ባለ 40 ተከታታይ የሚባለው ሞዴል በጃፓን አገር እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1984 ድረስ የተመረተ፣ በበረሃና በተራራ የተመሰከረለት መኪና ነው። የኛው ዕድሜው ከ40 ዓመት በላይ ቢሆንም ሞተሩ አይታማም ነበር። ፍሬኑ ግን ስለላላ ወደ በርበራና ወደ ሼክ ከመጓዛችን በፊት ለማሠራት ወደ አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ ወሰድነው። እኒህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1988 ዓ.ም. ሐርጌሳ በጦርነት ስትፈርስ ከብዙ ሺህ ወገኖቻቸው ጋር ወደ ኢትዮጵያ ተሰደው በቆዩባቸው ዓመታት አማርኛ የለመዱ ናቸው። እኛም በአገሩ ወግ «አዴር» እያልን እንጠራቸው ነበር።

አዴር ጎማዎቹን አውልቀው፣ ታምቡሮቹን ከፍተው ተመለከቱ። «ሸራው አልቋል፤ ብረቱ ግን የፋብሪካው ነው፤ ጤነኛ ነው። ተዉልኝና አጽድቼ አዲስ ሸራ ላልብሰው። ሁለት ቀን ይበቃኛል» አሉን። እኛ ግን ቸኩለን ነበር። «አዴር፣ ከገበያ አዲስ ሙሉውን ገዝተን ብናመጣልዎትስ?» ብለን ጠየቅናቸው። «ሣጥኑን አዲስ ታገኛላችሁ፤ ፍሬኑን ግን እኔ አላውቅም» ብለው መለሱልን።

ምክራቸውን አልሰማንም። ከከተማው ገበያ በታወቀ ፋብሪካ ስም የታተመ፣ የሚያብረቀርቅ ሣጥን ገዛን። ዋጋው እውነተኛው ከሚያወጣው ከግማሽ በታች ነበር፤ ይህም ራሱ ሊያስጠነቅቀን በተገባ ነበር። አዴር አልገጥምም ስላሉን ሌላ ጋራዥ ወስደን በአንድ ከሰዓት አስገጠምነው። በሜዳው ላይ ፍሬኑ ደኅና ያዘ። እኛም በአዛውንቱ ጥንቃቄ እየቀለድን መንገዳችንን ቀጠልን።

ሼክ ከበርበራ ወደ ቡርዖ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በጎሊስ ተራሮች አናት የምትገኝ ከተማ ናት። ከእርሷ ወደ ባሕሩ ጠረፍ የሚወርደው መንገድ እየተጠማዘዘ የሚወረድ ብርቱ ቁልቁለት ነው። ስንመለስ ከቁልቁለቱ እኩሌታ ላይ የተቃጠለ ነገር ሸተተን። ወዲያው ሾፌራችን ፔዳሉን ረገጠ፤ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ቆመ፤ መኪናው ግን መሄዱን ቀጠለ። ሾፌሩ ባይደነግጥ ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይጻፍም ነበር። ማርሹን በየደረጃው ወደ ታች አወረደ፤ የእጅ ፍሬኑን ሳበ። በዚያ ዘመን በተሠራው በዚህ መኪና የእጅ ፍሬኑ ከጎማዎቹ ፍሬን ጋር ሳይያያዝ ከማርሽ ሳጥኑ ጀርባ ለብቻው የተሠራ በመሆኑ እርሱ ያዘ። በመጨረሻም መኪናውን ከገደሉ አርቆ ከተራራው ግድግዳ ጋር እያፋተገ አቆመው። ከፊታችን በአንድ መቶ ሜትር ርቀት ላይ ፍየሎች የሚነዱ ሁለት ልጆች መንገዱን ይሻገሩ ነበር።

ሐርጌሳ ተመልሰን ታምቡሮቹ ሲከፈቱ የታየው ነገር ይህ ነው። በአንደኛው ጎማ ሸራው ከተለጠፈበት ብረት ላይ ማጣበቂያው ለቅቆት እንዳለ ተገንጥሏል። በቀሩት ላይ ሸራው ታምቡሩን ይነካ የነበረው በሁለቱ ጫፎቹ ብቻ ኖሯል፤ የነካውም ፊት እንደ መስተዋት ለስልሷል። ጎሚኒው፣ ማለትም በፍሬኑ ሲሊንደር ውስጥ ዘይቱን የሚያግደው ላስቲክ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ አብጦ ለስልሷል። አዴር አልገሠጹንም። የተገነጠለውን ሸራ በእጃችን ላይ አስቀምጠው «ይህን ለልጆቻችሁ አሳዩአቸው» ብቻ አሉን።

የሻጩንም ሆነ የጋራዡን ስም ማንሣት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። ከጥፋቱ ግማሹ የራሳችን ነው። ዓላማችን ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ማስረዳትና ማን ምን ማድረግ እንዳለበት ማመልከት ነው።

በመሠረቱ ፍሬን የሚሠራው ሥራ የመኪናውን ኃይል ወደ ሙቀት መለወጥ ነው። ሁለት ሺህ ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 600 ሜትር ከፍታ ያለውን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ይዞ ቢወርድ የሚፈጠረው ሙቀት 35 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት የሚበቃ ነው። ይህ ሁሉ እሳት የሚያርፈው ከእጅ መዳፍ ብዙም በማይበልጡ ጥቂት ቁራጭ ሸራዎች ላይ ነው። ፍጥነት ሲጨመር ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ ሊውጠው የሚገባው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናልና።

ሸራ ይባል እንጂ የፍሬን ሸራ ጨርቅ አይደለም። ከጭረቶች፣ ከብረት ዱቄትና ከማጣበቂያ ሙጫ ተደባልቆ፣ በሙቀትና በግፊት ተጨምቆ የሚሠራ ነገር ነው። ቅመማው በትክክል ካልተመጠነ ወይም በሚገባ ካልበሰለ፣ በብርድ ጊዜ ደኅና ይይዛል፤ ሲግል ግን ሙጫው ጋዝ እያወጣ ፊቱ ይለሰልሳል፤ መያዙንም ይተዋል። የሸራው ጉብጠት ከታምቡሩ ክብ ጋር ካልተስማማ ደግሞ የሚነካው በከፊል ብቻ ስለሆነ ያ ከፊሉ ቶሎ ይቃጠላል። ጎሚኒው ለፍሬን ዘይት በማይስማማ ላስቲክ ከተሠራ ያብጣል፤ አለዚያም ይሰነጠቃል። የዘይቱ ቱቦ ከውስጥ ከተላጠ ዘይቱ ወደ ፊት ይሄድና አይመለስም፤ በዚህም የተነሣ አንዱ ጎማ ተይዞ መኪናው ወደ ጎን ይስባል። እንግዲህ መጥፎው ዕቃ ከበጎው የሚለየው በመልኩ ሳይሆን በክፉ ቀን ብቻ ነው። የሌላው ዕቃ ጉድለት በየዕለቱ ይታያል፤ መጥፎ መብራት ይጠፋል፤ መጥፎ ሞተር ያስላል። መጥፎ ፍሬን ግን ደኅና መስሎ እየዋለ አሳልፎ የሚሰጠው ቁልቁለቱ መካከል ላይ ነው።

ይህ ችግር ከሌሎች ይልቅ በአሮጌ መኪኖች ላይ የሚከፋበት ምክንያት አለ። ፋብሪካው ሞዴሉን ካቆመ ከብዙ ዓመታት በኋላ መለዋወጫውንም መሥራቱን ያቆማል፤ ወይም በጥቂቱ ብቻ ይሠራል። በዚህ ጊዜ ክፍተቱን የሚሞሉት ሁለት ዓይነት ሠሪዎች ናቸው። አንደኛው በራሱ ስም፣ በትክክል ለክቶና ፈትኖ የሚሠራ ነው፤ ይህን የመሰለው የሚመሰገን እንጂ የሚወቀስ አይደለም። ሁለተኛው ግን መልኩን ብቻ ቀድቶ፣ የሌላውን ስም በሣጥኑ ላይ አትሞ የሚልክ ነው። በከተሞቻችን «ፎርጅድ» የምንለው ይህንኑ ነው።

በተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ የኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የወጣ ደንብ ቁጥር 90 የሚባል ሕግ አለ። የሚተካ የፍሬን ሸራ ከመጀመሪያው ጋር በፈተና እንዲመሳከር የሚያስገድድ ሲሆን፣ ፈተናውን ያለፈው ዕቃ በክብ ውስጥ የላቲን «ኢ» ፊደልና ቁጥር ይታተምበታል። ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን ደንቡ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የተሠሩት መኪኖች ብዙውን ጊዜ ከጥላው ውጪ ቀርተዋል። ምልክቱንም ቢሆን ስምን የሚሰርቅ እጅ ሊሰርቀው ይችላል።

ነገሩ የሐርጌሳ ብቻ እንዳይመስለን ወደ አገራችን ብንመለከት፣ አሮጌ መኪና በኛ ዘንድ የመዝናኛ ዕቃ ሳይሆን የእንጀራ መሣሪያ ሆኖ ኖሯል። የሐረር ከተማ ታክሲዎች ለብዙ ዓመታት ፔጆ 404 ነበሩ። ይህ መኪና በፈረንሳይ አገር እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1975 የተሠራ፣ በምሥራቅ አፍሪካ የሳፋሪ ውድድርም በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 ያሸነፈ ብርቱ መኪና ነው። በአዲስ አበባም ላዳው በታክሲነት ለአሥርት ዓመታት ሲያገለግል፣ ቮልሱ ደግሞ የስንቱን መምህርና የመንግሥት ሠራተኛ ቤተሰብ አጓጉዟል። የቮልስ ምርት በመጨረሻ በሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 ቢያበቃም መኪናው በመንገዶቻችን ላይ ዛሬም ይታያል። የእነዚህ ሁሉ መለዋወጫ የሚፈለገው ደግሞ በመርካቶ ሶማሌ ተራና በየክፍለ ሀገሩ ባሉት መሰል ገበያዎች ነው።

አሮጌው መኪና ከመንገድ ይወጣል ብሎ መጠበቅም አይቻልም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት አክብዶታል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ተከልክሏል። የእነዚህ ርምጃዎች ዓላማ ሌላ ቢሆንም፣ ቀድሞ በእጁ ላይ መኪና ያለው ሰው ያንኑ እየጠገነ ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚነዳው ግልጽ ነው። እንግዲህ የአሮጌ መኪና ፍሬን ጉዳይ የትናንት ሳይሆን የነገ ጉዳይ ነው። የሐረር ሰው ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ የደንገጎን ቁልቁለት ያውቀዋል፤ የጎንደር ሰው ሊማሊሞን፣ የሸዋ ሰው ጣርማ በርን፣ የጎጃም ሰው የዓባይን በረሃ ያውቀዋል። አገራችን የተራራ አገር ናት፤ በተራራ አገር ፍሬን ከሞተር ይቀድማል።

ያረጀ መሣሪያና አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ሲገናኙ ምን እንደሚከተል ለማየት ከመኪናም ወጣ ብሎ አንድ ምሳሌ ማንሣት ይቻላል። እ.ኤ.አ. መስከረም 8 ቀን 1989 ከኦስሎ ወደ ሐምቡርግ ይበር የነበረ ኮንቬር 580 የተባለ አውሮፕላን በዴንማርክ ጠረፍ አጠገብ ባሕር ውስጥ ወድቆ ተሳፍረውበት የነበሩት 55 ሰዎች በሙሉ አልቀዋል። አውሮፕላኑ በ1953 የተሠራ ነበር። መርማሪዎች ስብርባሪውን ከባሕር አውጥተው ሲመረምሩ፣ የጭራውን ቀጥ ያለ ክንፍ ከአካሉ ጋር ከሚያያይዙት ብሎኖችና ቀለበቶች መካከል በትክክለኛው ደረጃ ያልተሠሩ፣ ጥንካሬያቸውም ከሚፈለገው በታች የሆኑ ተገኝተዋል። ልብ ይባል፤ አውሮፕላኑ 36 ዓመት ማገልገሉ አልነበረም ጥፋቱ። ጥፋቱ በአሮጌው አካል ላይ የገባው የማይታመን አዲስ ብሎን ነበር። እነዚያ መርማሪዎች «አውሮፕላኑ አርጅቶ ነበር» ብለው መዝገቡን ቢዘጉት ኖሮ፣ ስለ ሐሰተኛ የአውሮፕላን መለዋወጫ ዓለም ይህን ትምህርት ባላገኘ ነበር።

«ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ድኻ ምን ያድርግ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በቀላሉም የሚታለፍ አይደለም። ከቀን ገቢው ላይ ቤንዚኑንና የቤት ወጪውን ቀንሶ የሚኖር ባለታክሲ የእውነተኛውን ዕቃ ዋጋ ሲሰማ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ጨርሶ በገበያ ላይ የማይገኝበትም ጊዜ አለ። እኛም «ከእውነተኛው በቀር አትግዙ» ብለን ከወንበራችን ላይ ሆነን ለመፍረድ አልተነሣንም።

ነገር ግን የሐርጌሳው አዛውንት ያሳዩን ሦስተኛ መንገድ አለ። የፋብሪካው ብረት ጤነኛ እስከሆነ ድረስ መጣል የለበትም። ዝገቱን አጽድቶ፣ አለመጣመሙን አረጋግጦ፣ ደረጃውን የጠበቀ አዲስ ሸራ ማልበስ፣ ታምቡሩን አስከርቶ ከሸራው ጋር ማስማማት፣ ጎሚኒውንና ዘይቱን ብቻ በአዲስ መለወጥ ይቻላል። ይህ ሁለት ቀንና የባለሙያ እጅ ይጠይቃል እንጂ የባለጸጋ ገንዘብ አይጠይቅም። በሌላ አነጋገር፣ ከሐሰተኛ አዲስ ይልቅ የታደሰ እውነተኛ አሮጌ ይሻላል። ርካሹ ሣጥን ርካሽ የሚሆነው እስከ መጀመሪያው ቁልቁለት ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ዋጋውን የሚከፍለው ገዢው ብቻ አይደለም። በመንገዱ ዳር ፍየል የሚነዳው ልጅም ይከፍላል። እርሱ ግን በገበያው ውስጥ አልነበረም፤ ዋጋ አልተከራከረም፤ ማንም አላማከረውም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ እንደሚሞቱ ገልጿል፤ ከእነዚህም ከአሥሩ ዘጠኙ የሚሞቱት አነስተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ከነዚህ አደጋዎች በመጥፎ ፍሬን የደረሰው አንድ ቢሆን እንኳ ሊቀር ይችል የነበረ አንድ ነው።

ከዚህ አንጻር የየድርሻችንን ኃላፊነት መለየት ያሻል።

ነጋዴው የሚሸጠውን ያውቃል። ዕቃውን በምን ዋጋ ከማን እንደገዛው የሚያውቅ ሰው «ኦርጅናል መስሎኝ» ሊል አይችልም። ርካሽ ዕቃ መሸጥ ወንጀል አይደለም፤ ርካሹን በሌላ ስም መሸጥ ግን ሌብነት ነው። በፍሬን ላይ ሲሆን ደግሞ ከሌብነትም ያልፋል። ቢያንስ ለገዢው «ይህ የፋብሪካው አይደለም» ብሎ እውነቱን ይንገረው፤ መምረጡን ለእርሱ ይተውለት።

መካኒኩ የመጨረሻው በረኛ ነው። ዕቃው ከሣጥን ወጥቶ በእጁ ሲገባ ክብደቱን፣ ውፍረቱን፣ የቀዳዳዎቹን ቦታ ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ማየት የሚችለው እርሱ ነው። የታምቡሩን ውስጥ በጠመኔ ቀብቶ ሸራውን ቢያሽበት፣ ጠመኔው በሸራው ፊት ሁሉ ላይ ከታየ ጉብጠቱ ይስማማል፤ በጫፎቹ ብቻ ከታየ ግን አይስማማም። ይህ ፈተና የሚጠይቀው አንድ ጠመኔ ብቻ ነው። ያልተስማማውን «አልገጥምም» ማለት ሥራ ማጣት ቢመስልም የሙያ ክብር ነው። አዴር አልገጥምም ያሉን ዕለት ገንዘባችንን አጥተዋል፤ በማግሥቱ ግን እምነታችንን አግኝተዋል።

ባለመኪናውም ከኃላፊነት ነፃ አይደለም። ሸራ ሲለወጥ የአንዱን ጎማ ብቻ ሳይሆን የሁለቱን ጎን በአንድነት ያስለውጥ። የፍሬን ዘይት ያልተከፈተ ጣሳ ይግዛ፤ ዘይቱ ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባልና። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ ይፈለግበታል፤ እርጥበት ከገባበት በኋላ ግን የሚፈለግበት 140 ዲግሪ ብቻ ነው። የፈላ ዘይት ደግሞ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ያሰምጣል። በፍሬን ዘይት ምትክ የሞተር ዘይት መጨመር ጎሚኒውን በቀናት ውስጥ ያበላሻል። አዲስ ሸራ ከተገጠመ በኋላ መጀመሪያ በሜዳ ላይ በዝግታ ይሞከር፤ ከጋራዥ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ቁልቁለት አይኬድ። ቁልቁለቱንም በፍሬን ብቻ ሳይሆን በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ለሁሉም መኪና ይበጃል።

የሠራዊቱ አባል የሆነው አንባቢያችን ይህን ለመረዳት ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገውም። ወታደር መሣሪያውን ሳይፈታና ሳይወለውል፣ ጥይቱን ሳያይ ወደ ምድቡ አይሄድም። ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን አምኖ ሳይሆን በእጁ ዳስሶ ነው የሚረከበው። ሃያ ጓዶቹን ጭኖ ገደል ለገደል የሚነዳው ሾፌርም ፍሬኑን በዚያው ዓይን ሊያየው ይገባል። በመጥፎ ጥይት አንድ ሰው ይጎዳል፤ በመጥፎ ሸራ የመኪናው ሙሉ ሰው።

የዓመታዊ ምርመራ አካሎችም ሊያስቡበት የሚገባ ነጥብ አለ። ፍሬን በመመርመሪያው ላይ የሚለካው ለጥቂት ሰከንዶች፣ ገና ሳይግል ነው። የሐሰተኛ ሸራ ጉድለት ደግሞ የሚገለጠው ሲግል ነው። የኛም ላንድክሩዘር በሜዳ ላይ ቢመረመር ቦሎ ይለጠፍለት ነበር። ስለዚህ ምርመራው በመንገድ ላይ ብቻ ሳይወሰን ወደ ዕቃው ምንጭ፣ ማለትም ወደ መደብሩና ወደ ድንበሩ ኬላ ቢዘልቅ ይበጃል። የጉምሩክ ሠራተኛ ቀረጡን እንደሚጠይቅ ሁሉ ደረጃውንም ቢጠይቅ፣ አንድ ሣጥን በኬላ ላይ መያዙ በቁልቁለት ላይ የብዙዎችን ሕይወት ከማዳን አይተናነስም።

በመጨረሻም ወደ ተነሣንበት ሐረግ እንመለስ። አደጋ መርማሪዎችም ሆንን እኛ ጋዜጠኞች «ፍሬን በጥሶ» ብለን ከመደምደማችን በፊት ታምቡሩ ተከፍቶ መታየት አለበት። ሸራው የማን ሥራ ነበር? መቼ ተገጠመ? ማን ሸጠው? ማን ገጠመው? የነዚህ ጥያቄዎች መልስ በመዝገብ ከሰፈረ፣ በመዝገቡም ላይ ተመሥርቶ ነጋዴው ከተጠየቀ፣ ነገ ያንኑ ሣጥን ለሌላው ለመሸጥ እጁ ይከብደዋል። ካልተጠየቀ ግን እኛ ራሳችን ጥፋቱን ለብረት እያሸከምን ለሰውዬው መሸሸጊያ እንሆናለን።

የተገነጠለው ሸራ ዛሬም በጠረጴዛችን ላይ አለ። አዴር እንዳሉን ለልጆቻችን አሳይተናል፤ ለአንባቢዎቻችንም እነሆ አሳየን። አሮጌ መኪና በርኅራኄ ከተያዘ ገና ብዙ ያገለግላል፤ የሚያሳፍረው ማርጀቱ ሳይሆን እኛ በሐሰተኛ ዕቃ መደለላችን ነው። ፍሬን የሚበጥሰው በቁልቁለት ላይ አይደለም፤ አስቀድሞ በገበያ ላይ ነው። መጠገን የሚገባውም ከዚያው ጀምሮ ነው እንላለን።